ፊቷን ያዞረችው ወፍ

አስጎብኚዋ እጇን ወደ በሩ አናት ዘርግታ «ይህቺ ወፍ እንግዲህ የምታመለክተን…» ብላ ጀመረችና ቃሉ አፏ ውስጥ ቀረ። ጎብኚዎቹ ኋላ ለኢንስፔክተሩ እንደነገሩት፣ መጀመሪያ ያመማት ነበር የመሰላቸው። ፊቷ አመድ መሰለ። ሸሸት አለች፣ ተመልሳ ቀረበች፣ ዓይኗን አሸች፤ በመጨረሻም «ወፏ ፊቷን አዙራለች!» ብላ ጮኸች።

ኢንስፔክተሩ የተጠራው ለዚህ ጩኸት ነው። የደወለለትን ፖሊስ ደጋግሞ አስነግሮታል።

«ምን ሆነች ነው የምትለኝ?»

«ፊቷን አዞረች።»

«ማን?»

«ወፏ፣ ጌታዬ። የድንጋይዋ።»

በሥራ ዘመኑ ብዙ ጉድ ሰምቷልና ይህንንም ከጉዶቹ ጋር ደምሮ መኪናውን አስነሳ።

ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ በጥንቱ የነጋዴዎች መንገድ ላይ ያለ የጉድጓድ ቤት ነው። ጀርባውን ለተራራው፣ በሩን ለሜዳው የሰጠ፣ ጣሪያው ሳይቀር በድንጋይ የተሠራ ትንሽ ቤት ሲሆን፣ ውስጥ በደረጃ ተወርዶ ውሃው ይገኛል። ከበሩ በላይ ስፋቱ ትራስ የሚያህል ስስ ድንጋይ አለ፤ ድንጋዩ ላይ መንቁረ ረጅም ወፍ ተቀርጻለች። ከተማው ያለው ሀብት እሷ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ እሷ፣ የተማሪዎች የደረት ኪስ ላይ እሷ፣ የአውቶቡስ ትኬት ላይ እሷ፣ የእግር ኳስ ቡድኑ ማሊያ ላይም እሷ። ኢንስፔክተሩ ራሱ የቡድኑን ሻርፕ መኪናው የኋላ መስታወት ላይ ዘርግቶ የሚዞር፣ ሌላ ከተማ ለስብሰባ ሲሄድ «የወፏ ልጅ ነኝ» እያለ ደረቱን የሚነፋ ሰው ነው።

ቀና ብሎ አያት። ወፏ እንደ ሁልጊዜው ወደ ቀኝ ትመለከታለች። ከክንፏ እስከ እግሯ የወረደ ቀጭን ስንጥቅ አለባት።

«ታዲያ ምኗ ነው የዞረው? ወደ ቀኝ ነው የምታየው» አለ።

«እኮ!» አለች አስጎብኚዋ። ዓይኗ ቀልቷል። «ወደ ግራ ነበር የምታየው!»

«እህቴ፣ ይህቺን ወፍ እኮ እኔ ደረቴ ላይ ለብሻት ነው ያደግኩት።»

«የለበሷትን አይደለም የምልዎት፤ እዚህ ያለችውን ነው። ለመሆኑ እርስዎ እዚህ መጥተው ያውቃሉ?»

ኢንስፔክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። መጥቶ አያውቅም። ሁሌ ልሄድ ሲል ዝናብ ይመጣል፣ ወይ ጨዋታ ይኖራል፣ ደግሞስ ወፏ የት ትሄዳለች? ከተማው በሙሉ እንዲሁ ነው። በወፏ ይምላል እንጂ ወፏን አያያትም።

ክርክሩን የፈታችው አንዲት ጡረተኛ አዋላጅ ናት። ጎብኚዎቹ ማንም የማያውቃቸውን የታሪክ ቦታዎች እየፈለጉ የሚዞሩ የጡረተኞች የጉዞ ማኅበር አባላት ሲሆኑ፣ አዋላጇ ዓምና ከእህቷ ጋር እዚሁ መጥታ ነበር። ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። ፎቶው ላይ ሁለቱ እህትማማቾች በሩ ሥር ቆመው ይስቃሉ፤ ከበላያቸው ወፏ ወደ ግራ ታያለች።

«ስልክ አንዳንዴ ይገለብጣል» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እንደሱ ቢሆን የእህቴ ኮፍያ ላይ ያለው ጽሑፍም ተገልብጦ በታየ ነበር፤ ያንብቡት» አለችው አዋላጇ።

አነበበው። ጽሑፉ ቀጥ ያለ ነው። ኢንስፔክተሩ መሰላል አስመጥቶ ወጣና የድንጋዩን ዙሪያ በጣቱ ዳሰሰ። ሲሚንቶው አዲስ ነው፤ ያረጀ እንዲመስል ጥቀርሻ ተቀብቷል። ጣቱን አይቶ ከመሰላሉ ወረደ። በከተማው ታሪክ የመጀመሪያው የወፍ ስርቆት ተፈጽሟል፤ ሌባውም ምትኳን አስቀምጦ ነው የሄደው።

ግቢው በብረት በር የታጠረ ነው። ቁልፉ አልተሰበረም፣ ማጠፊያው አልተነካም።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«እኔ ጋ» አለች አስጎብኚዋ። «አሮጌው ሲሰበርብኝ አዲስ አስቀረጽኩ። ሌላው የባህል ቢሮ ነው። ሰኞ ዝግ ነን፤ እሑድ ማታ ስዘጋ ወፏ ነበረች።»

«ሰኞ አንቺ የት ነበርሽ?»

«ታናሽቱ ጋ።»

«ታናሽ እህትሽ?»

«አይ፣ ሌላው የጉድጓድ ቤት። እሾህ ስመነጥር ዋልኩ። ብቻዬን።»

ሌላ የጉድጓድ ቤት እንዳለ ኢንስፔክተሩ ያን ቀን ገና መስማቱ ነው።

*

አዛዡ ነገር ማንዛዛት አይወዱም። «ቁልፍ አላት፣ ብቻዬን ነበርኩ ትላለች፣ ምክንያትም አላት። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

ምክንያት ያሉት ይህ ነው። የባህል ኃላፊው ድንጋዩን ለዋና ከተማው ትልቅ ሙዚየም ለመስጠት ተስማምተዋል፤ የሙዚየሙ መኪና በሳምንቱ መጨረሻ ይመጣል። ጉዳዩ ለከተማው ስብሰባ የቀረበ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ አንድ ሰው ብቻ ተነስቶ «በሬሳዬ ላይ ተሻግራችሁ ነው የምትወስዷት!» አለ። አስጎብኚዋ ናት።

«ሰርቃ ከሆነ ታዲያ ለምን ጮኸች? ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ብልጠት ነዋ!» አሉ አዛዡ። «መኪናው ሲመጣ ወይ ድንጋዩን አቅርብልኝ ወይ እሷን አስራታለሁ። አንዱን ምረጥ።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ባህል ቢሮ ሄደ። ኃላፊው ሰኞን ሙሉ ስብሰባ ላይ እንደዋሉ የሚመሰክርላቸው ሰው ሞልቷል። ሁለተኛው ቁልፍም ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ኋላ እንደተንጠለጠለ ነው። ኢንስፔክተሩ ወስዶ በሩ ላይ ቢሞክረው አልገባ አለ፤ የቀድሞው የእንጨት በር ቁልፍ ኖሯል፣ እንጨቱ በብረት ሲለወጥ ማንም ልብ አላለም።

ቁልፉን ሲመልስ ጠረጴዛው ላይ የቢሮውን ማስተዋወቂያ ወረቀት አየ። የጉድጓዱ ቤት ፎቶ ላይ ወፏ ወደ ቀኝ ታያለች።

«ይህ መቼ የተነሳ ነው?»

«ቆይቷል» አሉ ኃላፊው ኮራ ብለው። «ስናነሳው ወደ ግራ ሆኖ መጣ። ከዓርማው ጋር እንዲስማማ አዙረን አሳተምነው።»

«ወፏ ወደ ግራ መሆኗን እያወቁ?»

«እኔማ የፎቶግራፍ አንሺው ስህተት ነው ብዬ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ቀጥሎ የያዘው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴውን ነው። ሰኞ ከሰዓት ሸራ የለበሰ ነገር በፒክ አፕ ጭኖ ከዚያው መንገድ ሲመጣ ታይቷል። አንድ ሁለቴ የመንደር ሐውልት ላይ እጁን ያስገባ ሰው ስለሆነ ኢንስፔክተሩ ነገሩ ያበቃ መስሎት ደስ አለው።

«ሸራው ውስጥ ምን ነበር?»

«ቁም ሳጥን።»

«ለማን?»

«ለእናትህ» አለ ነጋዴው። «ገና ዋጋውን አልተስማማንም። ብትገላግለን ደስ ይለኛል፤ ትከራከራለች።»

የኢንስፔክተሩ ጆሮ ጋለ። ክብሩን ለመመለስ ያህል፣ መንገድ ላይ ሌላ ሰው አይተህ እንደሆነ ሲል ጠየቀ።

«ማንን አያለሁ? ጋሽ ማህተም በሞተራቸው የመቃብር ድንጋይ ጭነው ሲሄዱ ተላለፍን። እሳቸው ደግሞ ሥራቸው ነው፤ መቃብሩ በዚያው ነው።»

*

ጋሽ ማህተም የተባሉት ሥራቸው ስም ሆኖባቸው ነው። ከአባታቸው በወረሷት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ማህተም ይቀርጻሉ፤ ከጓሮዋ ደግሞ የመቃብር ድንጋይ ይጽፋሉ። በከተማው ድንጋይ የሚያናግር እጅ ያለው እሳቸው ጋ ብቻ ነው። ኢንስፔክተሩም የሄደው ምክር ፍለጋ ነበር። ሽማግሌው ከሽርጣቸው ላይ ቀይ የላስቲክ ፍቅፋቂ እያራገፉ ተነሱ፣ ወንበር ሰጡት፣ ሻይ አዘዙለት።

መዞሯን ሳይነግራቸው በሩ ላይ ያለችውን ወፍ ፎቶ አሳያቸው። «ጋሼ፣ ይህቺ አዲስ ናት ይላሉ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

መነጽራቸውን አድርገው ረዘም ላለ ጊዜ አዩ። ፊታቸው ላይ የሆነ ፈገግታ መጣና ሄደ።

«አዲስም ከሆነች የሠራት ሰው እጁ ይባረክ» አሉ። «ላባውን እየው። ስንጥቁን ሳይቀር አልተዋትም። ይህ የዋዛ እጅ አይደለም።»

«አስጎብኚዋ ገና ስታያት ነው ተለውጣለች ያለችው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። «በምን አወቀች?»

«ማለት?»

«እንዲሁ ነው። በምን አወቀች ብዬ ነው» አሉና ሻይ ያመጣችውን ልጅ «ስኳር አነሰው» ብለው መለሷት።

ኢንስፔክተሩ አመስግኖ ወጣ። መኪናው ውስጥ ገብቶ ግን ሞተሩን ሳያስነሳ ተቀመጠ። አዛዡ የጠየቁት «ማን ወሰዳት?» ብለው ነው። የባህል ኃላፊው «መኪናው ሲመጣ ምን ልበል?» አሉ። ነጋዴው «ምን ታወጣለች?» ነው ያለው። «በምን አወቀች?» ያለ ሰው እስካሁን አልነበረም። ለጊዜው ግን ጥርጣሬውን ዋጠው፤ ጋሽ ማህተም የአባቱን የመቃብር ድንጋይ የጻፉለት ሰው ናቸው።

ቤቱ ሲደርስ እናቱ ዋጋው ያላለቀላትን ቁም ሳጥን ሳሎን መሃል ገትራዋለች። ጡረታ ከመውጣቷ በፊት የማዘጋጃ ቤቱ ታይፒስት ነበረች፤ ከተማው ውስጥ እሷ ያልሰማችው ነገር የለም፣ ሰምታም ያልሳቀችበት የለም።

«እማዬ፣ ወፏ ወደየት ነው የምታየው?»

«የቷ? የድንጋይዋ ነው የማህተሟ?»

ኢንስፔክተሩ ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። «ይለያያሉ እንዴ?»

«ይለያያሉ እንጂ! የመጀመሪያውን ማህተም ወረቀት ላይ የመታሁት እኔ ነኝ። የጋሽ ማህተም አባት ናቸው የቀረጹት። ማህተም እኮ ተገልብጦ ይቀረጻል፣ ሲመታ እንዲቃና። እሳቸው ፊደሉን እንደ ሥርዓቱ ገለበጡና ወፏን ረሷት። ድንጋዩ ሥር ቁጭ ብለው እንዳዩዋት ቀረጿት፤ ስንመታው ዞራ ቁጭ! ለሥራ አስኪያጁ ብነግረው "ወፍ የትም ብትዞር ወፍ ነች" አለና ፈረመ። ከዚያ ሰሌዳው ከማህተሙ ተቀዳ፣ ማሊያው ከሰሌዳው ተቀዳ፣ በቃ።»

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቅከኝ?» አለችና የቁም ሳጥኑን መሳቢያ ሳብ መለስ አደረገችው። «ይህ ይጮሃል። ለነጋዴው ንገርልኝ።»

*

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ አስጎብኚዋን ከቤቷ ወሰዳት። ሰኞ ዋልኩበት ያለችውን ቦታ በዓይኑ ሊያይ ፈልጓል። መኪናው መንገድ እስካለ ሄደና ቆመ፤ ከዚያ በእግር ወደ ሸለቆው ወረዱ። እሷ እንደ ፍየል ትዘላለች፣ እሱ ያለከልካል።

«ወደ ግራ» አለችው እየሄደች። «በሩ ፊት ቆመው ወፏን ሲያዩ መንቁሯ ወደ ግራ ነበር። እኛ አሁን የምንሄደው መንቁሯ በሚያመለክተው ነው። ያኔ በዚህ መንገድ የሚያልፈው ነጋዴ አንዱ ያንዱን ቋንቋ አይሰማም፣ አንዱ ያንዱን ጽሑፍ አያነብም። ታዲያ ለሁሉም የሚገባ ምን ይቀረጻል? ወፍ! "ቀጣዩ ውሃ በዚህ ነው" ማለቷ ነው። እኔ ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል። ማሊያው ላይ ያለችው መንቁሯ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው ነዋ።»

ኢንስፔክተሩ ላቡን እየጠረገ ቆመ። የእሱ ከተማ ሰዎች፣ የእሱ ቅድመ አያቶች፣ ለማያውቁት እንግዳ፣ ቋንቋውን ለማይሰሙት መንገደኛ፣ በበረሃ ውሃ የቱ ጋ እንዳለ የሚናገር ድንጋይ አቁመው ሄደዋል። ስማቸውን እንኳ አልጻፉም። ደረቱ ሞቀ፤ ዳገት አልነበረም፣ ቁልቁለት ነበር።

ታናሽቱ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ጠበቀቻቸው። ልክ እንደ ታላቋ ጀርባዋን ለተራራው የሰጠች የድንጋይ ቤት ናት። ከበሩ በላይ በስተግራ ወፍ አለች፤ እሷም ወደ ግራ ወደ ሩቁ ሸለቆ ታያለች። በስተቀኝ በኩል ደግሞ ያንኑ የሚያህል ባዶ ሥፍራ ግድግዳው ውስጥ ተፈልፍሎ ይታያል።

«ያ ምንድነው?»

«አላውቅም። ሳገኛትም ባዶ ነበር» አለች።

ኢንስፔክተሩ በደረጃው ወደ ውሃው ወረደ። ዓይኑ ጨለማውን ሲለምድ ከውሃው በላይ ባለው የድንጋይ መደብ ላይ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር አየ። ገለጠው። ወፏ ናት፤ ወደ ግራ ታያለች፣ ከክንፏ እስከ እግሯ ተሰንጥቃለች።

አስጎብኚዋ ከኋላው መጥታ አየች። ለቅፅበት ፊቷ በደስታ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠፋ። ነገሩ ገብቷታል። ቦታውን የምታውቀው እሷ ናት፣ ሰኞ እዚህ ነበርኩ ያለችው እሷ ናት።

«ሰኞ ስጠርግ አልነበረም» አለች። «እኔ ብሆን እጅዎን ይዤ እዚህ አመጣዎት ነበር?»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን አውጥቶ የሐሰተኛዋን ፎቶ ከእውነተኛዋ አጠገብ ያዘው። ስንጥቁ! ማሊያው ላይ ስንጥቅ የለም፤ ማህተሙም ላይ የለም። ሐሰተኛዋን የሠራ ሰው የቀዳው ከዓርማው ሳይሆን ከዚህችው ድንጋይ ነው። ያውም ላባ በላባ፣ ስንጥቁን ሳይቀር፣ ሁሉንም ግን ገልብጦ። ይህን ያህል አይቶ እንዴት ይገለብጣል? ጆንያውን ወደ ብርሃኑ ይዞ ወጣና አራገፈው። ከአቧራው ጋር ቀጫጭን ቀይ ፍቅፋቂ ረገፈ።

«ቁልፍሽን የት ነው ያስቀረጽሽው?» አለ ቀስ ብሎ።

«የት ይቀረጻል? ጋሽ ማህተም ጋ ነዋ።»

ለአዛዡ ደወለ። «ድንጋዩ ተገኝቷል ጌታዬ።»

«የት?»

«እሷ ያሳየችኝ ቦታ።»

«አላልኩህም! በል አምጣት!»

«እስከ ከሰዓት ይታገሱኝ። አንድ የማስገለብጠው ነገር አለኝ።»

*

ጋሽ ማህተም ሲያዩት ወንበሩን በሽርጣቸው ጠረጉለት።

«ጋሼ፣ እናቴ ለቁም ሳጥኗ በር ጌጥ ፈልጋ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። በራሱ እጅ ወረቀት ላይ የሣላትን፣ ወደ ግራ የምታይ ወፍ የምትመስል ነገር ሰጣቸው። «እዚህች ጣውላ ላይ ልክ እንዲህ አድርገው ይገልብጡልኝ።»

«ይህቺ ወፍ ናት?»

«ሥዕል አልተማርኩም።»

ሽማግሌው ሳቁና እርሳስ አነሱ። ወረቀቱን አንዴ አዩና እጃቸው ጣውላው ላይ መሮጥ ጀመረ፤ ክንፉ፣ ጭራው፣ እግሩ፣ በመጨረሻ መንቁሩ። ጨርሰው እፍ አሉበት።

ኢንስፔክተሩ ወረቀቱን ከጣውላው ጎን አስቀመጠው። የወረቀቷ ወፍ ወደ ግራ ታያለች፣ የጣውላዋ ወደ ቀኝ።

ሽማግሌው አንዷን አዩ፣ ሌላዋን አዩ። እርሳሱ ከእጃቸው ወደቀ።

«በምን አወቀች ብለው ጠይቀውኝ ነበር» አለ ኢንስፔክተሩ። «በዚህ ነው ያወቀችው።»

«ዞራለች? እኔ የሠራኋት ዞራለች?» አሉ ጋሽ ማህተም። ስለ ስርቆቱ ረስተዋል፤ ያቃጠላቸው ሥራቸው ነው። «የጉድጓዱን ደረጃ ስጠግን ወረቀት ለጥፌ በከሰል ነው ያነሳኋት። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ገለበጥኳት። እንደ ልማዴ… አቤት! እንደ ልማዴ! ገትሬ ሳያትም ልክ መሰለችኝ። ማህተሙ ላይ እንዲህ ናታ! ሰሌዳው ላይ እንዲህ ናታ!» ራሳቸውን ያዙ። «አባቴ መገልበጥ ሲገባው ሳይገለብጥ ቀረ። እኔ ልጁ፣ መገልበጥ በሌለበት ገለበጥኩ።»

ኢንስፔክተሩ ሳቅ አፈነው፣ ሐዘንም አፈነው። «ለምን ጋሼ?»

«ሊወስዷት አይደል እንዴ? ሕዝቡ ደግሞ ያጨበጭባል! እነሱ የኔን ይውሰዱ፣ ሙዚየማቸው ውስጥ በመስታወት ያስቀምጡ፤ የእኛዋ እዚሁ ትቅር ብዬ ነው። አንተ መጥተህ ስትጠይቀኝ ፈራሁና ወደ ታናሽቱ ወሰድኳት። አያቴ በልጅነቴ እዚያ ወስዶኝ ያውቃል። ሌላ የሚያውቃት አለ ብዬም አላሰብኩ።»

«ያቺ ልጅ በእርስዎ ፈንታ ልትታሰር ነበር። ልክ እንደ እርስዎ ወፏን የምትወድ፣ ለወፏ የጮኸች ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት። ይህን ከተማው ሁሉ ሲያወራ እርስዎ ዝም አሉ?»

ሽማግሌው ሽርጣቸውን ፈትተው በደንብ አጥፈው ወንበሩ ላይ አስቀመጡት።

«አፍሬያለሁ» አሉ። «ከሁሉ ይልቅ በዚህ። ወደ እሷ ውሰደኝ፤ ከዚያ ወደፈለግክበት።»

አስጎብኚዋ ጣቢያው ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጋሽ ማህተም ፊቷ ቆሙና «ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አሉ፤ ሌላ ማስተባበያ አልጨመሩም። እሷ ተቆጥታለች፣ መቆጣቷም ያስታውቃል።

«እዚያ ባዶው ሥፍራ ላይ ለምን አላቆሟትም? ለምን ጆንያ ውስጥ?» አለች በመጨረሻ።

«ሞክሬ ነበር። አልገጠመችም። ልኳ ልክ ነው፣ ግን ፊቷ እምቢ አለኝ። ሁለቱም ባንድ በኩል ሲያዩ ዓይኔ አልወደደውም።»

አስጎብኚዋ ከወንበሯ ብድግ አለች። ኢንስፔክተሩን አየችው፣ እሱም አያት።

«ሁለቱ ባንድ በኩል ካላዩ…» አለች።

*

የሙዚየሙ መኪና በቀጠሮው መጣ። ኢንስፔክተሩ የሙዚየሙን ሰውዬ፣ አዛዡንና የባህል ኃላፊውን አስከትሎ መጀመሪያ ወደ ታላቋ ወሰዳቸው፤ እውነተኛዋ ወፍ በበሩ አናት ወደ ቦታዋ ተመልሳለች። ከዚያ መንቁሯን ተከትለው ወደ ሸለቆው ወረዱ። ያ የጡረተኞች ማኅበር ከተማውን ሳይለቅ ቆይቶ ኖሮ ዱላቸውን ይዘው ከኋላ ተሰለፉ። የኢንስፔክተሩ እናትም «እኔስ ከማን አንሼ?» ብላ በክንዱ ተደግፋ ወረደች።

ታናሽቱ በር ላይ ጋሽ ማህተም መሰላል ላይ ሆነው ሲሚንቶ ያለሰልሳሉ፤ ጉዳያቸው ገና አላለቀም፣ አንድ ፖሊስ ሥራቸውን እስኪጨርሱ ቆሞ ይጠብቃል። መሰላሉን የያዘችላቸው አስጎብኚዋ ናት። አሁንም ብዙ አታናግራቸውም፣ መሰላሉን ግን አጥብቃ ነው የያዘችው።

ሽማግሌው ወርደው ገለል ሲሉ ሰው ሁሉ ቀና አለ። ከበሩ በላይ ሁለት ወፎች ቆመዋል። የግራዋ አሮጌ ናት፣ ወደፊት ወደሚቀጥለው ውሃ ታያለች። የቀኟ አዲስ ናት፤ ጋሽ ማህተም ተሳስተው የሠሯት፣ ፊቷን ያዞረችው ወፍ። ባዶው ሥፍራ የተፈለፈለላት ያህል ልክክ ብላለች።

«እዚህ ሁለት ወፍ ነበረ» አለች አስጎብኚዋ፣ ድምጿ ሸለቆውን ሞላው። «አንዷ ለሚሄደው፣ አንዷ ለሚመለሰው። የመመለሻዋ መቼ እንደጠፋች አናውቅም። እነዚያ ሰዎች መንገደኛው እንዳይጠማ ብቻ አልነበረም የተጨነቁት። መንገዱ ጠፍቶት እንዳይቀርም አስበውለታል።»

ጡረተኛዋ አዋላጅ አፏን በእጇ ያዘች። የባህል ኃላፊው ደረታቸው ላይ የተሰፋውን ዓርማ አዩና ወፏን አዩ፤ ወደ ቀኝ፣ ልክ እንደሷ።

የሙዚየሙ ሰውዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው ግንባራቸውን ጠረጉ። «እኔ የመጣሁት አንድ ድንጋይ ልጭን ነበር» አሉ። «ይህ ግን ድንጋይ አይደለም፣ መንገድ ነው።»

«መንገድ ደግሞ አይጫንም» አለ ኢንስፔክተሩ። አዛዡ ሊቆጡ አሰቡና ተዉት።

እናቱ ክንዱን ነቀነቀችው። «ያ ሥራ አስኪያጅ ቢኖር ጥሩ ነበር» አለች። «ወፍ የትም ብትዞር ወፍ ነች ያለው! ና እይ እለው ነበር።»

ከጡረተኞቹ አንዱ፣ ጆሮው ትንሽ የሚከብደው፣ ዱላውን ወደ ቀኟ ወፍ አነሳ። «ይህቺኛዋ መንቁሯ ወደየት ነው ያላችሁት?»

አስጎብኚዋ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ወደ ኢንስፔክተሩ ዞር አለች። ኢንስፔክተሩ ዕድሜ ልኩን ደረቱ ላይ የለበሳትን ወፍ ገና አሁን ነው ያያት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ፣ ጡረተኛው እንዲሰማው ድምጹን ከፍ አድርጎ መለሰለት።

«ወደ እኛ ቤት!»